የእጅ ዕውቀትና የመሄድ ነፃነት

ኦፐሬቲንግ ሲስተም የኮምፒውተሩን አካል ከፕሮግራሞቹና ከተጠቃሚው ጋር የሚያገናኝ መሠረታዊ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር፣ ለምሳሌ ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ መዛወር፣ ብዙውን ጊዜ ለባለሙያ የሚተው የቴክኒክ ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። ይሁን እንጂ ሰው «አውቃለሁ» የሚለው ነገር የራሱ ነው ወይስ የመሣሪያው የሚለው የፍልስፍና ጥያቄ እንዲህ በግልጽ የሚታይበት አጋጣሚ ጥቂት ነው።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሞሪስ ሜርሎ-ፖንቲ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው ሥራው፣ የታይፕ ጸሐፊ ፊደላቱ በየት በኩል እንዳሉ በቃሉ መናገር ቢያቅተው እንኳ እጆቹ እንደሚያውቁት በመጥቀስ፣ ልማድ በአካል ውስጥ ያደረ ዕውቀት መሆኑን አስረድቷል። ለዓመታት በዊንዶውስ የሠራ ሰው ጽሑፍ ሲቀዳ ኮንትሮል የተባለውን ቁልፍ ሳያስብ ይጫናል፤ ማክ ላይ ሲቀመጥ ግን ይኸው ተግባር የሚፈጸመው ኮማንድ በሚባለው ቁልፍ ስለሆነ፣ ጣቱ በለመደበት ሄዶ ምንም ሳይቀዳ ይቀራል። ሊኑክስ ላይ ደግሞ «ሲ» የሚባለውን ዲስክ ፈልጎ አያገኘውም፤ በላቲን ፊደል የሰየመው ፋይልም ትልቁና ትንሹ ፊደል ከተለያየ እንደ ሁለት ፋይል ይቆጠርበታል (የግዕዝ ፊደል ይህ ልዩነት ስለሌለው በአማርኛ የሚሰይም ሰው ይህ ችግር አይነካውም)። ያም ሆኖ ይኸው ፈላስፋ እንዳመለከተው፣ የተካነ የኦርጋን ተጫዋች ከአጭር ልምምድ በኋላ በማያውቀው ኦርጋን ላይ መጫወት ስለሚችል፣ የእጅ ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይሄዳል።

አብሮ የማይሄደው የተሠራው ሥራ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ዓለም አቀፍ ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት፣ ከመካተቱ በፊት፣ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ይጭኑት ስለነበር፣ በዚያ መንገድ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ሆኖ ይወጣል። ደራሲው የጻፈውን ያውቀዋል፣ ሊያነበው ግን አይችልም፤ ከመሻገር ችግሮች ሁሉ ከባዱም ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ያስታወቀው አሜሪካዊው ፕሮግራመር ሪቻርድ ስቶልማን፣ ሶፍትዌርን የመጠቀም፣ የመመርመር፣ የመለወጥና የማካፈል መብት የሞራል ጥያቄ መሆኑን በመሟገት ትልቅ እውነት ተናግሯል፤ ሆኖም የፈቃድ ነፃነት ብቻውን አይበቃም። የጀርመኗ የሙኒክ ከተማ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ሊኑክስ ለመዛወር ወስኖ 15,000 ያህል ኮምፒውተሮችን ካዛወረ በኋላ፣ በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ፤ የውሳኔው ምክንያት ቢያከራክርም፣ ከውጭ ተቋማት ጋር ሰነድ የመለዋወጥ ችግር ከቅሬታዎቹ አንዱ ነበር።

ባለበት መቆየት የፈለገም ቢሆን ከጥያቄው አያመልጥም። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ስላበቃና ተከታዩ ዊንዶውስ 11 የተወሰነ የደኅንነት ቺፕ የሌላቸውን የቆዩ ማሽኖች በይፋ ስለማይቀበል፣ ሥራውን በማንኛውም ሲስተም በሚከፈት ቅርጽ ያስቀመጠ ሰው በዚያው ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ጭኖ ሊቀጥል ሲችል፣ ሰነዶቹ በአንድ ፕሮግራም ብቻ የሚከፈቱለት ግን አዲስ ማሽን ከመግዛትና ጥበቃው በተቋረጠ ሲስተም ላይ ከመቆየት አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል።