ከፍርሃት የወጣ «አዎ»

በገዛ አንደበቱ «አጥፍቻለሁ» ብሎ የተፈረደበት ሰው ኋላ ይግባኝ ሊል ይገባዋልን? ብዙዎቻችን «አምኖ የለም እንዴ! ከዚያ ወዲያ ምን ይግባኝ አለው?» እንላለን። ነገር ግን ቃሉ ከምን እንደወጣ ሳንመረምር ለመፍረድ አንቸኩል።

አሜሪካን እንመልከት። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 (እ.ኤ.አ.) እንደገለጸው፣ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከሚሰጡ የጥፋተኝነት ፍርዶች 97 በመቶው፣ በክፍለ ግዛቶች ደግሞ 94 በመቶው ተከሳሹ ራሱ በማመኑ የተሰጡ ናቸው። ከዚህ ጀርባ ብዙውን ጊዜ ድርድር አለ። ዐቃቤ ሕጉ ቅጣት ያቀልላል፤ ተከሳሹ ያምናል፤ በብዙ ውሎችም ይግባኝ የማለት መብቱን መተዉን ይፈርማል።

እምቢ ቢልስ? በኬንታኪ ግዛት በ88 ዶላር ከ30 ሳንቲም ሐሰተኛ ቼክ የተከሰሰ ሰው፣ ካመነ አምስት ዓመት እንደሚጠየቅበት፣ ካላመነ ግን ከዚህ በፊትም የተፈረደበት ስለሆነ በደጋጋሚ ወንጀለኞች ሕግ እንደሚከሰስ ተነገረው። እምቢ አለ፤ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1978 የዐቃቤ ሕጉን አካሄድ አጸደቀ። ይህን ያየ ንጹሕ ሰው እንኳ ፈርቶ «አዎ» ቢል ይገርማልን?

በሩ ጨርሶ አልተዘጋም። በ2018 ፍርድ ቤቱ፣ ማመን ብቻውን የተከሰሱበትን ሕግ ሕገ መንግሥታዊነት በይግባኝ ከመቃወም እንደማያግድ ወሰነ። በ2019 ደግሞ መብቱን የተወ ሰው እንኳ «ይግባኝ በልልኝ» ካለ ጠበቃው ሊያቀርብለት እንደሚገባ ወሰነ። ሆኖም በሩ ጠባብ ነው።

በእኛ ዲን የተገደደ ምላስ በሰውየው ላይ አይመሰክርም። ዐማር ኢብኑ ያሲር (ረ.ዐ.) በሥቃይ ብዛት የተናገሩት ቃል አልተቆጠረባቸውም። ማዒዝ (ረ.ዐ.) ዝሙት መፈጸማቸውን ሲናገሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ደጋግመው ፊታቸውን አዞሩ፤ አእምሯቸው ጤነኛ መሆኑንም ጠየቁ። ቅጣቱ ሲጀመር ሸሽተው እንደነበር በሰሙ ጊዜም ለምን እንዳልተዉአቸው ጠየቁ። ከዚህ በመነሳት አብዛኞቹ ፉቀሃእ በአላህ ሐቅ ላይ ያመነ ሰው ቃሉን ሊያነሳ ይችላል ብለዋል።

በሰው ሐቅ ግን እንዲህ አይደለም። ገንዘብ ወስጃለሁ ያለ ሰው ዝም ብሎ ቃሉን ቢያጥፍ አይሰማም፤ የተበዳዩ መብት አለና። ስለዚህ ይግባኝን የሚገድቡ ሰዎችም ምክንያት አላቸው፤ ተበዳይ ዕድሜውን በፍርድ ቤት ደጅ ሊጨርስ አይገባም። ዳሩ ግን ንጹሑን ማሰር ለተበዳዩ ምን ሐቅ ይመልስለታል? ዑመር (ረ.ዐ.) ለአቡ ሙሳ በጻፉት በሚታወቀው መልእክት፣ ትናንት የሰጡት ፍርድ ዛሬ ወደ እውነት ከመመለስ እንዳያግዳቸው መክረዋል። የፍርድ ማብቂያ እውነት እንጂ ፊርማ መሆን የለበትም።

አንባቢ ሆይ! ልጅህ ወይም ወንድምህ በባዕድ አገር እንዲህ ያለ ወረቀት ቢቀርብለት፣ «ፈርመህ ተገላገል» አትበለው። ይግባኙን የሚያስቀረው አንቀጽ የትኛው እንደሆነ ጠበቃውን ይጠይቅ፤ ቋንቋው ካልገባው አስተርጓሚ ይፈልግ። በእርግጥ በድሎ ከሆነ እውነቱን ተናግሮ የሰውን ሐቅ ይመልስ። ካልበደለ ግን አላህ በራሳችን ላይ እንኳ እንድንመሰክር ያዘዘን እውነትን ነው፤ ሐሰትን አይደለም። «አምኖ ነው የታሰረው» የተባለ ሰው ሲያጋጥምህም፣ እንዴት እንዳመነ ሳታውቅ ስሙን አታጉድፍ።

ወላሁ አዕለም።