ከልጃችሁ ጋር ማታ የሚያወራው ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እባብ ሔዋንን የቀረባት በጥያቄ ነበር (ዘፍ. 3፥1)። ዛሬም በስልክ የሚመጣው አታላይ መጀመሪያ ይጠይቃል፤ «ውጭ አገር ሥራ ትፈልጋለህ?» ይላል። ቀጥሎ «ለቤተሰብ እንዳትናገር» ይላል።

ወዴት እንደሚያደርስ ተመልከቱ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. በማይናማር፣ በታይላንድ ጠረፍ አጠገብ ካሉ የማጭበርበሪያ ግቢዎች በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሲወጡ ብዙ ኢትዮጵያውያን በመካከላቸው ነበሩ። «ታይላንድ ጥሩ ደመወዝ አለ» ተብለው የሄዱ ናቸው። እዚያ ግን እየተደበደቡ ሌላውን ሰው በኢንተርኔት እንዲያታልሉ ተገደዱ።

የሶዶ፣ የቦዲቲ፣ የአረካ ወላጆች! ልጅ ሥራ ፍለጋ መውጣቱ ለወላይታ አዲስ አይደለም። ድሮ ግን ደላላው ደጅ ሲመላለስ ጎረቤት ያየው ነበር፤ የአሁኑ በቴሌግራም ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል።

ታዲያ ስልኩን ሰብረን እንጣለው? አይሆንም፤ ትምህርቱም እዚያው ላይ ነው። ይልቅ ልጁ ሳይፈራ የሚያሳያችሁ ሁኑ። «ብር ካልላክሽ ፎቶሽን እበትነዋለሁ» የተባለች ልጅ ከአስፈራሪው ይልቅ የአባቷን ዱላ ከፈራች ወዴት ትሂድ? ብሩን አትላኩ፤ መልእክቱን ሳታጠፉ ይዛችሁ ወደ ፖሊስ ሂዱ። እናቶችም (እናንተንም አይተዋችሁምና) የቴሌብር የሚስጥር ቁጥራችሁን «ከቴሌ ነው የምደውለው» ላለ ሰው አትንገሩ።

በዚህ በ55ቱ ቀን ጾም፣ ከማታው ጸሎት በኋላ የቤቱ ስልኮች ሁሉ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ይደሩ። የአባትየውም ጭምር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።