ጣሪያው ሲያፈስ ኪራዩ የማን ነው?

ባለፈው ክረምት ከዐስር ሶላት በኋላ ዝናቡ እስኪያባራ በመስጊዱ በረንዳ ላይ ቆመን ሳለ አንድ ወጣት ጠጋ አለኝና፣ «ወንድሜ፣ አንተ ጋዜጣ ላይ ትጽፋለህና አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ። የተከራየው ቤት ጣሪያ ያፈሳል። ለአከራዩ ለሐጂ ሦስት ጊዜ ነግሯቸዋል። በመጀመሪያው «ኢንሻ አላህ» አሉት፤ በሁለተኛው «ቆርቆሮ ተወድዷል» አሉት፤ በሦስተኛው ደግሞ «ካልተመቸህ መልቀቅ ትችላለህ» አሉት። ሕፃን ልጁ ከሚተኛበት ፍራሽ አጠገብ ባልዲ ተቀምጧል። «የዚህን ወር ኪራይ ብይዝባቸው ሐራም ይሆንብኛል?» ሲል ጠየቀኝ።

ኡስታዙን እንዲጠይቅ ነግሬው ተለያየን። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ወደ ቤት ገባ። ምክንያቱም እኔም አንድ ጊዜ ኪራይ ይዤ አውቃለሁ፤ ስለዚያም ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በቅድሚያ ተከራይ በየወሩ የሚከፍለው ስለምን እንደሆነ እንይ። ለግድግዳው አይደለም፤ ግድግዳው የባለቤቱ ነው፣ የባለቤቱም ሆኖ ይቀራል። ፉቀሃዎች ኢጃራን የመንፈዓ፣ ማለትም የጥቅም ሽያጭ አድርገው ያዩታል። ተከራይ የሚገዛው መጠለልን፣ መተኛትን፣ በሩን ዘግቶ ከቤተሰቡ ጋር መቀመጥን ነው። እንግዲህ ሙሉ ዋጋ ተቀብሎ ጎዶሎ መጠለያ የሚሰጥ ሰው፣ በገበያ ላይ ሚዛን ከሚያጎድል ነጋዴ በምን ይለያል? የነቢዩ ሹዐይብን ሕዝቦች ታሪክ በኹጥባ ስንሰማ የምናስበው እህልና ቅቤ የሚመዝነውን ነው። የሚያፈስ ጣሪያም የጎደለ ሚዛን መሆኑ ብዙ ጊዜ ትዝ አይለንም።

በጉዳዩ ላይ ዑለማዎች ብዙ ብለዋል። በኦቶማን መንግሥት ዘመን እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 በሐነፊይ መዝሀብ መሠረት የተዘጋጀው መጀለት አል-አህካም አል-ዐድሊያህ የተሰኘው የሕግ መድበል፣ መኖሪያነትን የሚያጓድል ብልሽትን ማደስ የባለቤቱ ድርሻ መሆኑን ይደነግጋል። ባለቤቱ እምቢ ቢል ተከራዩ ቤቱን ለቆ መውጣት ይችላል። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በራሱ ገንዘብ ቢጠግን ግን እንደ በጎ ፈቃድ ስለሚቆጠርበት ወጪውን መልሶ መጠየቅ አይችልም። በሻፊዒይ መዝሀብም ቢሆን ባለቤቱ ፈጥኖ ካላደሰ ውሉን የማፍረስ ምርጫ የተከራዩ ነው።

መልካም ነው። ዳሩ ግን መልቀቅ መብት የሚሆነው መሄጃ ላለው ሰው ነው። የአዲስ አበባ ተከራይ ለቀቀ ማለት እንደገና ለደላላ ኮሚሽን ከፈለ፣ ቅድሚያ ክፍያ ተበደረ፣ ዕቃውን በአይሱዙ ጫነ፣ ልጁንም ከትምህርት ቤቱ አራቀ ማለት ነው። ስለዚህ «ካልተመቸህ ልቀቅ» የሚለው ቃል በኪታብ ላይ የተከራዩ መብት ሆኖ ሳለ በግቢያችን ውስጥ የአከራዩ ዱላ ሆኗል። ሐጂ የተናገሩት ፊቅሁን ነው ብሎ የሚከራከርላቸው ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ አልከራከርላቸውም።

ታዲያ ቢይዝስ? እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይጋጫሉ። በአንድ በኩል ሂንድ ቢንት ዑትባ (ረ.ዐ) ባለቤቷ አቡ ሱፍያን ለእሷና ለልጇ የሚበቃ እንደማይሰጣት ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በነገረቻቸው ጊዜ፣ ከገንዘቡ የሚበቃትን በአግባቡ እንድትወስድ ፈቅደውላታል። በሌላ በኩል አደራን ለባለቤቱ መመለስን፣ የከዳንንም ሰው መልሰን አለመክዳትን አስተምረዋል። ዑለማዎች ሐቁን የተከለከለ ሰው ዳኛ ሳይፈርድለት በእጁ ከገባው የበዳዩ ገንዘብ መውሰድ ይችል እንደሆነ ሲከራከሩ የኖሩት በእነዚህ መካከል ቆመው ነው። ሻፊዒዮች በመሠረቱ ይፈቅዳሉ። በሐንበሊይ መዝሀብ የታወቀው አቋም ደግሞ የሚስት ቀለብ ግልጽና የማያከራክር ስለሆነ የሂንድ ጉዳይ ልዩ ነው የሚል ነው።

እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ፈትዋም አልሰጥም። እንደ አንድ ተከራይ ግን ልዩነቱ የሚገኘው «ግልጽ» በሚለው ቃል ላይ ይመስለኛል። የሚስት ቀለብ ስንት እንደሆነ ጎረቤት ያውቀዋል። የሚያፈስ ጣሪያ ከወር ኪራይ ስንቱን ያጎድላል? ሩቡን? ግማሹን? ይህን ተከራዩ ብቻውን ከወሰነ በራሱ ጉዳይ ላይ ራሱ ዳኛ ሆነ ማለት ነው። አከራዩ «ቆርቆሮ ተወድዷል» ሲሉም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። በ2014 ክረምት አራት ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል በወር 3,500 ብር ተከራይቼ ነበር። የጋራ መጸዳጃው ጉድጓድ ሞልቶ ወደ ግቢው ይፈስ ጀመር። ውዱእ አድርገን የምንረማመደው በነጃሳ ላይ ሆነ፤ ሕፃናቱም እዚያው ይጫወታሉ። አከራያችን የሚኖሩት ሌላ ሰፈር ስለነበር ሽታው አይደርሳቸውም። ስልክ ስንደውል «እሺ ልጆቼ» ይላሉ፤ የፍሳሽ መኪና ግን አይመጣም። እኔም ሐቅ ከእኔ ጋር ነው ብዬ የሁለት ወር ኪራይ ያዝኩ። ሲጨንቃቸው መኪናውን ላኩ፤ በማግስቱም ልጃቸው 7,000 ብሩን ሊቀበል መጣ።

ገንዘቡ አልነበረኝም። ለብቻው አላስቀመጥኩትም ነበር፤ በትራንስፖርት፣ በእንግዳ፣ በአንድ ጥንድ ጫማ አልቋል። ከጓደኛዬ ተበድሬ ከፈልኩ። አከራያችን ለጎረቤቶቼ «ድሮም ስለ ሽንት ቤቱ አልነበረም፣ ገንዘብ ስላጣ ነው» ብለው መናገራቸውን በኋላ ሰማሁ። ተናደድኩ። ሆኖም ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ለማለት አልደፈርኩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ያልተቀመጠ የተያዘ ኪራይ ሐቅን መጠየቂያ ሳይሆን ተራ ዕዳ እንደሆነ ነው የማምነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ስል ተከራይ ዝም ይበል ማለቴ አይደለም። «ሶብር አድርጉ» የሚሉን ወንድሞች ሶብርንና ዝምታን ባይቀላቅሉብን መልካም ነበር። ሰው በሽታን፣ ድርቅን፣ ሞትን ይታገሣል፤ በሚስማርና በቆርቆሮ የሚደፈን ቀዳዳ ግን ሌላ ነው። ዙልም የሚሠራውን ወንድም መርዳት ከዙልሙ እጁን በመያዝ መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። የመጀመሪያው ሶፍ ላይ የሚሰግዱትን ሐጂ «ይህ ኪራይ ሙሉ ሐላል ላይሆንልዎ ይችላል» ብሎ በአክብሮት መንገር ክብራቸውን መንካት አይደለም።

ሕጉም ባዶ እጁን አይደለም። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። የጥገና ጥያቄ በአፍ ላይ የሚቀረው «ልቀቅ» እንዳይባል ከመፍራት ነውና የሁለቱ ዓመት ዋስትና ቀላል ነገር አይደለም። (የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን ሥልጣን እንደ ጋብቻ፣ ውርስና ወቅፍ ባሉ ጉዳዮች ላይ ስለሆነ የኪራይ ክርክር ወደ እነርሱ አይሄድም፤ ብዙ ሰው ይሳሳታል።) ነገር ግን ግብር ለመቀነስ ተብሎ 7,000 የሆነው ኪራይ በውሉ ላይ 3,000 ተብሎ ሲጻፍ እሺ ብሎ የፈረመ ተከራይ፣ ጣሪያው ባፈሰሰ ጊዜ ያንን ወረቀት ይዞ ወረዳ ለመሄድ እግሩ ያንቀጠቅጠዋል። አላህ ውልን እንድንጽፍ ያዘዘን ውሸት እንድንጽፍበት አይደለም።

ለአከራዮችም ፍትሐዊ እንሁን። አንዲት ባልዋ የሞተባት እናት በግቢዋ ካሠራችው ሁለት ክፍል ሌላ መተዳደሪያ ላይኖራት ይችላል፤ የሰባት ቆርቆሮ ዋጋ ለእሷ የወር አስቤዛ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ በወር ከ100 ብር የማይበልጥ ኪራይ ያላቸው ለቀበሌ ተሰጥተው ነበር። ኪራያቸው ተቀንሶ ስለነበር ተከራዩን ደስ አሰኘው፤ ከዚያ ትንሽ ኪራይ ግን ማደሻ አልተረፈም። ግድግዳቸው ሲያዘም ያየን ሁላችን እናውቀዋለን። ቤት ያለ ገንዘብ አይታደስም። ስለዚህ የሌላት አከራይና ያላቸው ሐጂ በአንድ ዓይን አይታዩም። የሌላት ልታዋየን ትችላለች፤ ያላቸው የሚጠየቁት አለኝ ብለው ስላላደረጉት ነው።

ወጣቱን ከሁለት ሳምንት በኋላ አገኘሁት። ኡስታዙ ኪራዩን እንዳይይዝ መክረውት፣ ሁለት ጎረቤት አስከትሎ ሐጂ ቤት ሄዷል። የባልዲውን ፎቶ በስልኩ አሳያቸው። ቆርቆሮውን ራሱ ገዝቶ ከሚቀጥለው ኪራይ እንዲቀንስ ጠየቃቸው፤ ተስማምተውም በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ፈረሙለት፣ ጎረቤቶቹም መሰከሩ። አንድ ነገር ብቻ ሳይስማሙ ቀርቷል። ሐጂ የአናጢውን ዋጋ ተከራዩ ይቻለው ይላሉ፤ እሱ ደግሞ ወረቀቱን በኪሱ ይዞ አናጢ ሊያነጋግር ሲሄድ ነበር ያገኘሁት።