የጎማ ጭምብል

አርብ ገበያ ቪዲዮ ቤት በምናየው ፊልም ውስጥ ጭራቁ ብቅ ሲል ጭምብሉ አንገቱ ላይ ተላጦ የሰው ቆዳ ይታይ ነበር። እየጮኽን እንስቃለን። ቡዳ እንዳይበላን ክታብ አንገታችን ላይ የታሰረልን፣ ጠበል ላይ መንፈስ ሲለፈልፍ ሰምተን የተንቀጠቀጥን ልጆች ነን! ታዲያ ያ ርካሽ ፊልም ለምን ጣመን? ርካሽነት ነውር አይደለም፤ ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣው የሙታን ፊልም እንኳ ወጪው 114,000 ዶላር ገደማ፣ ደሙም የቸኮሌት ሽሮፕ ነበር። ውድ ፊልም ሊያሳምን ይደክማል። ማመን ለእኛ መች ብርቅ ሆነና! ርካሹ ግን ለአንድ ሰዓት ከማመን ያሳርፋል። የንስሐ አባቴ «በሰይጣን መሳቅ ድፍረት ነው» ይሉኛል። እኔ ደግሞ የሳቅነው ጭምብሉን በሰፋው ሰውዬ ነው እላለሁ፤ እሳቸው ልዩነቱ አይታያቸውም።