የኤልያስ እንጎቻና የጣራ ገዳም ዳገት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዓምና በዐቢይ ጾም ከአዲስ ዘመን ተነሥተን የጣራ ገዳምን ዳገት ስንወጣ፣ ሰውነቷ ከበድ ያለ አንዲት እኅታችን ወደ ኋላ ቀረች። እኔም ዞር ብዬ «ጾሙን ጠበቅ ብታደርጊው ይቀልሽ ነበር» ስል ቀለድሁ። ሁሉም ሣቀ፤ እርሷም ሣቀች። ከዚያ ወዲህ ግን እስከ ማታ እህል አትቀምስም ነበር። እናቷ ጸሎተኛ ሆነችልኝ ብለው ደስ አላቸው። ነገሩ የገባን በበዓለ ኃምሳ ነው። ጾም በሌለበት በዚያ ወራት እንኳ ገበታ ትሸሽ ነበርና፣ አንድ ቀን መዝሙር ስናጠና ዓይኗ ጨልሞ ወደቀች። ይህን የምጽፈው በፈቃዷ ነው።

አያቶቻችን «ወፈርሽ» ሲሉ «ተመቸሽ» ማለታቸው ነበር። ስድብ ያደረግነው እኛ ነን።

ነቢዩ ኤልያስን አስቡ (1ኛ ነገ. ምዕ. 19)። ሞቱን ለምኖ ከክትክታ ሥር ተኛ። መልአኩ በድካሙ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ አንድ ጊዜም አይደለም፣ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ አበላው። ኤልያስም በዚያ ምግብ ኃይል አርባ ቀንና አርባ ሌሊት እስከ ኮሬብ ተጓዘ። መብሉ ለመንገዱ ነበር።

ጾም ለእግዚአብሔር የሚቀርብ እንጂ ኪሎ መቀነሻ አይደለም። የታመመውንም ቤተ ክርስቲያን በንስሐ አባቱ በኩል ታሳርፈዋለች። ስለዚህ ምግብ የሚሸሽ ወዳጅ ብናይ ምክንያቱን ጾም ነው ብለን አንለፈው፤ ለሐኪምም ለንስሐ አባቱም እናድርሰው። እንቅስቃሴ ግን ለሁላችንም፣ ለቀጭኑም ጭምር፣ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ይመክራል። ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል። ሚዛኑ ባይወርድ እንኳ ልብ ይበረታል፣ የደም ስኳር ይስተካከላል፣ እንቅልፍም ይሰምራል። እንግዲያ ሰውን ለጉዞ ስንጠራ ስለ ገላው ምን አስወራን?

በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቀማመስን ወዲያ፣ ዳገቱን እንደገና እንወጣለን። ሚዛን የሚጠይቅ የለም። እኅታችን ከፊት ሆና እርምጃውን ትመጥናለች፤ እርሷ ስታርፍ ሁላችንም እናርፋለን። እንጎቻውንና ውኃውን የምሸከመው እኔ ነኝ።