ነገረ ፈጁ ዝም ሲል

ከደባርቅ ቆላ ወይም ከዳባት ዙሪያ የመጣ አንድ ባለ ጉዳይ እናስብ። ጎረቤቱ ወሰን አልፎ አርሶበታል። እርሱ ራሱ አንደበተ ርቱዕ አይደለምና ነገር ዐዋቂ የሆነውን ዘመዱን ነገረ ፈጅ አድርጎ ይወክላል። ቀኑ ደርሶ ዳኛው ከዛፉ ሥር ሲቀመጥ፣ ነገረ ፈጁ ከባላጋራው ጎን ተቀምጦ ተገኘ። ምነው ቢሉት፣ «ተባብረን ብንሠራ ይሻላል» አለ። ጠብ አልተነሣም፤ ነገሩ በሰላም አለቀ፤ የታረሰው መሬት ግን በዚያው ቀረ።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህ ሰው ምን አጠፋ? አልሰረቀም፤ አልዋሸም ይሆናል። ዳሩ ግን የተሰጠው የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

በ2007 ዓ.ም. ከነበረው ምርጫ በኋላ 547ቱ የምክር ቤት ወንበሮች በሙሉ በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተያዙ። በዚያ ጊዜ የሚወቀስ ተቃዋሚ በምክር ቤቱ አልነበረም። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ምርጫ ግን አብን 5፣ ኢዜማ 4 ወንበር አገኙ። በመስከረም 2014 ዓ.ም. አዲሱ መንግሥት ሲቋቋም የኢዜማው ዶክተር ብርሃኑ ነጋ የትምህርት ሚኒስትር፣ የአብኑ ዶክተር በለጠ ሞላ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር ሆኑ። ቃሉም አብሮ ተለውጦ ነበር፤ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ «ተቃዋሚ» መባሉ ቀርቶ «ተፎካካሪ» መባል ተለመደ። ቃሉ ለጆሮ ይለሰልሳል። ነገር ግን ተፎካካሪ ሩጫው ሲያልቅ ሥራው ያልቃል፤ የተቃዋሚ ሥራ የሚጀምረው ግን ምርጫው ካለቀ በኋላ ነው።

በአገራችን ታሪክ የዚህ ሥራ ቦታ ጠባብ ነበር። የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በካሣ ተሸነፉ፤ ካሣም ውቤ ባሳነፁት በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ፤ ውቤ ታሰሩ። ወይ መንገሥ፣ ወይ መታሰር፣ ወይም መገበር ነበር እንጂ፣ ሳይገብሩና ሳይሸፍቱ ተቀምጦ መሟገት የሚባል ወንበር አልነበረም። በእንግሊዝ አገር የተቃዋሚው ወገን መሪ ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ደመወዝ ይቀበላል፤ ደመወዙ የሚከፈለው እንዲቃወም ነው። ለእኛ ይህ ቀልድ ይመስላል።

ሹመቱን የተቀበሉት ሰዎች መልስ እንዳላቸው አልክድም። ጊዜው የጦርነት ነበር። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከዳባት ደጃፍ ደርሶ የጭና ገበሬ በመንደሩ ውስጥ ተገድሏል። ቤት ሲቃጠል ስለ ጣራው አሠራር የሚከራከር የለም፤ ይህን በሙሉ ልቤ እቀበላለሁ። ነገር ግን የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላም ሚኒስትሮቹ በመንግሥቱ ወንበር ቆዩ። ለእሳት የተሰጠ ምክንያት እሳቱ ሲበርድ አብሮ ይበርዳል።

«ቢናገሩስ ምን ይደርስባቸዋል?» የሚል ሰው ሐሰት አልተናገረም። መንግሥትን በምክር ቤት ውስጥ አጥብቀው ይጠይቁ የነበሩት የአብኑ አቶ ክርስቲያን ታደለ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ታስረዋል። እስር ቤት ያልገባ ሰው፣ እኔም ጭምር፣ ሌላውን ለምን አልታሰርህም ብሎ ሊወቅስ አይገባውም። ፍርሃት ይቅር ይባላል። እኔ ይቅር ለማለት የሚከብደኝ ሌላ ነው፤ ይኸውም እየፈሩ ወንበሩን ይዞ መቀመጥ ነው። መናገር ያቃተው ነገረ ፈጅ ውክልናውን ቢመልስ፣ ባለ ጉዳዩ ጠበቃ እንደሌለው ዐውቆ ሌላ ይፈልጋል፤ ወይም እየተንተባተበም ቢሆን ራሱ ይቆማል። ወንበሩ ተይዞ ሲያይ ግን ጠበቃ ያለው መስሎት ዝም ይላል። ዳኛውም በመዝገቡ ላይ «ሁለቱም ወገን ቀርበዋል» ብሎ ያጽፋል።

ባለ ጉዳያችን ማምሻውን ዳገቱን ይወጣል። ሚስቱ ደጅ ላይ ቆማ «ምን ተባለ?» ብላ ትጠይቀዋለች። ነገረ ፈጁ ግን ባላጋራው ቤት ለራት ቀርቷል።