ማውሱን ማን ነቀነቀው?

እ.ኤ.አ. በ2024 አጋማሽ ዌልስ ፋርጎ የተባለው የአሜሪካ ባንክ ከ12 በላይ ሠራተኞቹን ማሰናበቱ ተሰማ። ብር አጉድለው አይደለም። ሥራ ላይ ያሉ ለማስመሰል የሐሰት የኪቦርድ እንቅስቃሴ ፈጥረዋል ተብለው ነው። ለዚሁ ጉዳይ የሚሸጥ ትንሽ መሣሪያም አለ፤ ማውሱ ከላዩ ይቀመጥና ቀስ እያለ ይነቀንቀዋል። ሰውየው ሻዩን ሲጠጣ ስክሪኑ "ሰው አለ" ይላል። (ይህችን መሣሪያ የፈለሰፈ ሰው ሰነፍ ነበር ለማለት ይከብደኛል።)

ቴክኖሎጂ የሠራተኛውን ፈጠራ ገደለው ሲባል እሰማለሁ። እኔ አልሞተም ባይ ነኝ፤ የሚቆጥረውን ማሽን ወደ ማታለል ዞረ እንጂ።

ማታለሉ ነውር ነው ወይ? ነው። ደመወዝ የሚቀበል ሰው ያልሠራውን ሊያስቆጥር አይገባም፣ ይሄን አላድበሰብስም። ግን ማሽኑ ምን ብሎ ነበር የጠየቀው? "ዛሬ ምን አሰብክ?" አላለም። "ምን ሠራህ?" እንኳ አላለም። "እጅህ ይንቀሳቀሳል ወይ?" ብቻ ነው ያለው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲደጋገም ሐቀኛውም ሠራተኛ ቀስ በቀስ የሚቆጠረውን ብቻ መሥራት ይለምዳል። ከማውስ ነቅናቂው ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ስሪ ኤም በተባለው ኩባንያ ስፔንሰር ሲልቨር የሚባል ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1968 ጠንካራ ማጣበቂያ ሲፈልግ ደካማ ማጣበቂያ አገኘ፤ ይለጠፋል፣ ወዲያው ደግሞ ይላቀቃል። ምን ይረባል? ሲልቨር ግን ለዓመታት ባልደረቦቹን ሲነዘንዝ ኖረ። በ1974 አርት ፍራይ የተባለ የሥራ ጓደኛው፣ ቤተ ክርስቲያን ሲዘምር ከመዝሙር መጽሐፉ እየወደቀ ያስቸገረውን ምልክት ወረቀት አስቦ ያችን ማጣበቂያ አስታወሳት። ዛሬ በየቢሮው የምትለጠፈው ቢጫ ወረቀት በ1980 በመላ አሜሪካ ለገበያ ቀረበች። ኩባንያው ሠራተኞቹ ከሥራ ሰዓታቸው 15 በመቶውን ለራሳቸው ሐሳብ እንዲያውሉ ይፈቅድ ነበር። እነዚያን 12 ዓመታት እስቲ ዛሬ አለቆች በሚያዩት ዳሽቦርድ ላይ አስቀምጧቸው፤ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ናቸው።

ወደ አዲስ አበባ ስመጣ ቆጣሪው ሌላ መልክ አለው፤ የመሥሪያ ቤት የቴሌግራም ግሩፕ። አለቃ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ይጽፋል፣ "እሺ" በ"እሺ" ላይ ይደረደራል። "አንድ ሐሳብ ነበረኝ፣ ገና አልጨረስኩትም" የሚል ሰው አላየሁም። ማን ይደፍራል? የተጻፈ ይቀራል፣ ስክሪንሾት ይነሣል፣ በግምገማ ቀን ይመዘዛል። ያው ሰው በማግስቱ ማኪያቶ ይዞ ለጓደኛው ሲያወራ ግን ሐሳቡ ግሩም ሆኖ ይገኛል። ሊጥ ተከድኖ ነው የሚቦካው፤ በየደቂቃው ክዳኑን እያነሣ የሚያይ ሰው ካለ እንጀራው ዓይን አያወጣም።

ጥፋቱን በኮምፒውተር ላይ መደፍደፍ ግን አልፈልግም። ድሮ አርክቴክት በትሬሲንግ ወረቀት ላይ በቀለም ሲስል አንዲት መስመር ብትሳሳት በምላጭ ነበር የሚፍቃት። ዛሬ በአውቶካድ አሥር ፕላን ሞክሮ ዘጠኙን ይጥላል፣ ማንም አያውቅበትም። ያው ኮምፒውተር እዚህ ስሕተትን አረከሰው፣ እዚያ ደግሞ አስወደደው። ልዩነቱ የተጣሉትን ዘጠኙን ማን ያያል የሚለው ላይ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2020 የሠራተኞችን የኢሜይልና የስብሰባ ልማድ በየስማቸው ለአለቆች የሚያሳይ መለኪያ አውጥቶ ነበር። ወቀሳው ሲበረታ በሳምንታት ውስጥ ስሞቹን አነሣ። ስለዚህ ማንሣት ይቻላል ማለት ነው።

እኔን የሚቆረቁረኝ ቆጠራው ለሁሉም እኩል አለመሆኑ ነው። ሥራ አስኪያጁ መስኮት ሥር ቆመው ረጅም ጊዜ ወደ ውጭ ሲመለከቱ "እያሰቡ ነው" ተብሎ በራቸው በቀስታ ይዘጋል። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ እንደዚያው ብትቆም፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ስሟ አጠገብ ያለችው አረንጓዴ ነጥብ ቢጫ ትሆናለች።